ስካን የተደረገ ሰነድ በብራውዘር አልከፈት ሲል፦ ችግሩን ያገኘሁበት መንገድ

የምሠራበት መሥሪያ ቤት የመዝገብ ቤቱን አሮጌ ማህደሮች ስካን አስደርጎ ሠራተኞች በውስጥ ድረ ገጽ እንዲያዩአቸው ካደረገ ዓመታት ተቆጥረዋል። አሮጌዎቹ ኮምፒውተሮች ተነሥተው ዊንዶውስ 11 የተጫነባቸው አዳዲስ ሲገቡ ግን የብዙ ማህደሮች ምስል መታየት አቆመ፤ አንዳንዱ ላይ በምስሉ ቦታ የተቀደደ ሥዕል ምልክት ብቻ ይታያል፣ ሌላው ሲነካ ከመከፈት ይልቅ ወደ ማውረጃ ፎልደር ይገባል፣ ጥቂቶቹ ደግሞ ምንም እንዳልተፈጠረ ይከፈታሉ። መስኮቱ ላይ ለቆመው ባለጉዳይ የሚሰጠው መልስ የተለመደው «ሲስተም የለም» ነበር።

ሲስተሙ ግን ነበረ። ጥቂቶቹ መከፈታቸው ራሱ መስመሩም ሰርቨሩም ደኅና መሆናቸውን ያሳያል። ስለዚህ ካሽ (ብራውዘሩ ያስቀመጠውን ጊዜያዊ ቅጂ) ማጽዳቱንና ብራውዘሩን አራግፎ እንደገና መጫኑን ለጊዜው ትቼ፣ ፋይሉ ብራውዘሩ ዘንድ መድረሱንና አለመድረሱን አስቀድሜ ለማረጋገጥ ወሰንኩ። በክሮምም ሆነ በኤጅ የኤፍ 12 ቁልፍን ተጭኖ «ኔትወርክ» የሚለውን ክፍል ከፍቶ ገጹን ማደስ በቂ ነው፤ እያንዳንዱ ፋይል ከምላሽ ቁጥሩ፣ ከዓይነቱና ከመጠኑ ጋር በየመስመሩ ይዘረዘራል። 200 ካለ ደርሷል፤ 404 ካለ ሰርቨሩ በተጠየቀው ስም ፋይል አላገኘም።

404 የሚመልሱት ማህደሮች የሚጋሩት ነገር ነበር፤ የፋይል ስማቸው «ካርታ#214» በሚመስል መልኩ የቁጥር ምልክት (#) ይዟል። ዊንዶውስ እንዲህ ያለውን ስም ያለ አንዳች ተቃውሞ ይቀበላል። በድረ ገጽ አድራሻ ውስጥ ግን ከዚያ ምልክት በኋላ ያለው ሁሉ የገጹን የውስጥ ክፍል ጠቋሚ ተደርጎ ስለሚቆጠር ብራውዘሩ ለሰርቨሩ አይልከውም፤ ሰርቨሩ የሚጠየቀው «ካርታ» የሚባል፣ ከቶ ያልነበረ ፋይል ነው። ባልደረቦቼ የጠረጠሩት የአማርኛውን ፊደል ነበር፤ ፊደሉን ግን ብራውዘሩ ራሱ ቀይሮ በትክክል ስለሚልከው ከደሙ ንጹሕ ነው። አገናኙን የሚያዘጋጀው ኮድ ምልክቱን በአድራሻ አጻጻፍ %23 ብሎ እንዲጽፍ ሲስተካከል እነዚህ ማህደሮች መገኘት ጀመሩ። በአሮጌዎቹ ኮምፒውተሮችም ተከፍተው የማያውቁ ነበሩ፤ ሠራተኛው ወረቀቱን ከመደርደሪያ እያወጣ ስለሚያልፈው ብቻ ቅሬታ ሳይቀርብባቸው ኖረዋል።

የቀሩት 200 ይላሉ፣ መጠናቸውም ሙሉ ነው፣ ግን አይታዩም። ምክንያቱ ቲፍ የተባለው የምስል ዓይነት ነበር። በአሮጌዎቹ ኮምፒውተሮች ላይ የነበረው የማይክሮሶፍት ብራውዘር፣ ኢንተርኔት ኤክስፕሎረር፣ ከ9ኛው እትም ጀምሮ ቲፍን ያሳይ ነበር፤ ባለ ብዙ ገጾቹን ደግሞ መሥሪያ ቤቱ አክቲቭኤክስ በተባለ፣ በዚያው ብራውዘር ላይ በሚታከል ማሳያ ይከፍታቸው ነበር። ማይክሮሶፍት እ.ኤ.አ. ጁን 15 ቀን 2022 ለኢንተርኔት ኤክስፕሎረር 11 በዋና ዋናዎቹ የዊንዶውስ 10 እትሞች ላይ ይሰጥ የነበረውን ድጋፍ አቁሟል፤ ዊንዶውስ 11 ላይም ራሱን ችሎ አይከፈትም። ከታወቁት ብራውዘሮች ቲፍን የሚያሳየው ሳፋሪ ነው፤ ክሮም፣ ኤጅና ፋየርፎክስ አያሳዩም። ቲፉ በገጹ ውስጥ የተቀመጠ ከሆነ የተቀደደው ምልክት ይወጣል፣ በቀጥታ ከተጠራ ደግሞ ፋይሉ ይወርዳል፤ ሁለት ልዩ ልዩ ብልሽት የመሰለን የአንድ ነገር ሁለት መልክ ነበር።

ቅጥያቸው (በፋይሉ ስም መጨረሻ ያለው የዓይነት መግለጫ) ጄፔግ ሆኖ ውስጣቸው ቲፍ የሆኑም አጋጥመውኛል። እነዚህን ለመለየት ፋይሉን በኖትፓድ ከፍቶ መጀመሪያውን ማየት ይበቃል፦ የላቲኑ «አይ» ፊደል ሁለት ጊዜ ተጽፎ የኮከብ ምልክት ከተከተለው፣ ስሙ ምንም ይበል ምን ቲፍ ነው።

መስኮት ላይ ያሉት ሠራተኞች ሥራ እንዳይፈቱ በኤጅ ውስጥ ያለውን የኢንተርኔት ኤክስፕሎረር ሞድ ከፈትኩላቸው፤ ማይክሮሶፍት ቢያንስ እስከ 2029 እንደሚደግፈው አስታውቋል። እኔ ግን ይህን ማስታገሻ እንጂ ፈውስ አድርጌ አላየሁትም። ዘላቂው መንገድ መቀየር ነው፤ ክርክሩም ወደ ምን የሚለው ላይ ነበር። ወደ ጄፔግ ይሁን ያሉ ነበሩ። ሰነዶቻችን ግን ጥቁርና ነጭ ብቻ ሆነው ለፋክስ በተሠራው ግሩፕ 4 በተባለው ዘዴ የታመቁ ናቸው። በ300 ዲፒአይ (በኢንች 300 ነጥብ) የተነሣ አንድ የኤ4 ገጽ ሳይታመቅ 1 ሜጋባይት ያህል ሲሆን፣ በዚህ ዘዴ ተራ የጽሑፍ ገጽ ወደ አሥሮች ኪሎባይት ይወርዳል፤ ጄፔግ ግን መጠኑን ያሳብጠዋል፣ በፊደሉና በማኅተሙ ጠርዝ ላይም ብዥታ ይጨምራል። አንድ ማህደር ብዙ ገጽ ስላለው በየገጹ ይበታተናልም። ፒዲኤፍ ግን ያንኑ የታመቀ መረጃ ሳይነካ ገጾቹን በቅደም ተከተል ይይዛል። የቲፍ ፋይሎችን ለማስተናገድ በተቋቋመው በሊብቲፍ ፕሮጀክት የተሠራው ነፃ የመቀየሪያ መሣሪያ ይህን በትእዛዝ መስመር ይፈጽመዋል፤ ማህደሮቹን በሙሉ ያሳለፍኩት በእርሱ ነው።

ከተቀየሩም በኋላ ጥቂቶቹ መውረዳቸውን አላቆሙም። «ኔትወርክ» ክፍል ላይ ሲታይ ሰርቨሩ የፋይሉን ዓይነት ፒዲኤፍ ብሎ በመላክ ፈንታ ምንነቱ ያልታወቀ ጥሬ መረጃ ብሎ ይልከዋል፤ በሰርቨሩ ማስተካከያ ላይ ዓይነቱ በትክክል ሲሰፍር ተከፈቱ።

ከዚያ በኋላ የእያንዳንዱ ቲፍ የገጽ ብዛት ከፒዲኤፉ ጋር ተነጻጽሮ ልዩነት ያላቸው እንደገና ተቀየሩ፤ ዋናዎቹ ቲፎች ሳይጠፉ በተለየ ዲስክ ላይ፣ ለንባብ ብቻ ክፍት ሆነው ተቀመጡ። አዲስ ማህደር አሁን ከስካነሩ የሚወጣው በቀጥታ ፒዲኤፍ ሆኖ ነው፤ ስሙም ከፊደል፣ ከቁጥርና ከሰረዝ በቀር ሌላ ምልክት አይይዝም።