በስክሮል ሶው ሐረግ መቁረጥን ስለማመድ፦ ከደብረ ማርቆስ የልምድ ማካፈያ

ስክሮል ሶው በሚባለው የቅርጽ መጋዝ እንጨት፣ በተለይም ሐረግ (በብራና መጻሕፍት ላይ የሚሣለውን የተጠላለፈ ጌጥ) መቁረጥ ከጀመርሁ ወዲህ ብዙውን ጊዜዬን የወሰደብኝ፣ ቆርጬ ስጨርስ ጣውላው ላይ የሚቀረውን አስቀድሞ የማየት ልምምድ ነው። መስመር መከተል እጅ እየለመደ ሲሄድ በራሱ ይመጣል። የሚቀረውን ማየት ግን ማሽኑ ከመነሣቱ በፊት ቁጭ ብሎ ንድፉን መመርመር ይጠይቃል። ይህን የምጽፈው በደብረ ማርቆስም ሆነ በሌሎች የጎጃም ከተሞች ሥራው መተዳደሪያቸው ሳይሆን ለፍቅሩ ብቻ እንጨት ለሚቆርጡ ወዳጆች ነው።

ማሽኑን በአካል ላላያችሁት ባጭሩ ልግለጸው። ጠፍጣፋ የብረት ገበታ ላይ የተቀመጠውን እንጨት፣ ከላይና ከታች በሁለት ክንዶች ተወጥሮ የተያዘ ቀጭን ምላጭ ወደ ላይና ወደ ታች እየተመላለሰ ይቆርጠዋል። ምላጩ ቦታውን አይለቅም፤ እንጨቱን እያዞሩ ወደ ምላጩ የሚያቀርቡት ሁለቱ እጆች ናቸው። መደበኛው ምላጭ 12.7 ሳንቲ ሜትር ያህል ይረዝማል፤ ለጀማሪ በሚሆኑት ብዙዎቹ ማሽኖች ላይም ከምላጩ እስከ ኋላው ድረስ ያለው ክፍተት ወደ 40 ሳንቲ ሜትር ስለሚጠጋ ከዚያ የሚሰፋ ጣውላ እንደ ልብ አይዞርም። ፍጥነቱ በአብዛኛው በደቂቃ ከ400 እስከ 1,600 ምልልስ ድረስ ከፍና ዝቅ ይደረጋል። በየቤት ዕቃ መሥሪያው የምናውቀው ጂግ ሶው ፈጣንና ጉልበታም ቢሆንም ምላጩ ሰፊ ስለሆነ ጠባብ መታጠፊያ አይገባለትም። በስክሮል ሶው ግን ምላጩን ባንድ ጫፍ ፈትቶ አስቀድሞ በተበሳ ቀዳዳ ማሳለፍ፣ መልሶ ማሰርና የጣውላውን ጠርዝ ሳይነኩ መሃሉን ብቻ ፈልፍሎ ማውጣት ይቻላል።

ማሽን እስኪገኝ ድረስ መጠበቅ አያስፈልግም። እኔ የጀመርሁት እንደ ቅስት የታጠፈ የብረት ክፈፍ ባለው የእጅ መጋዝ ነው። ጫፏ በማዕዘን የተቦረቦረች አንዲት አጭር ጣውላ በሞርሳ ከጠረጴዛ ጠርዝ ጋር ታስራላችሁ፤ የሚቆረጠውን በቡርቡሩ ላይ ታስተኛላችሁ፤ የምላጩን ጥርስ ወደ እጀታው አዙራችሁ ከታች ሆናችሁ ወደ ታች ትስባላችሁ። ሥራው ዝግ ያለ ቢሆንም ጣት የእንጨቱን ጥንካሬ ይለይበታል፤ መብራት ሲጠፋም ሥራው አይቋረጥም። በ19ኛው ክፍለ ዘመን እንዲህ ዓይነቶቹ መጋዞች እንደ ስፌት መኪና በእግር እየተረገጡ ይሠሩ እንደነበር ሳስብ፣ አንድ የእጅ ጥበብ ሰው በዚያው መንገድ ቢሠራልን መልካም ይሆን ነበር እላለሁ።

ወደ ማሽኑ ስመለስ፣ ለጀማሪ ከሁሉ የሚቀድመው ምላጩ ነው። ምላጮች በቁጥር ይለያሉ፤ ቁጥሩ ከፍ ሲል ምላጩ ይሰፋል፣ ይወፍራልም። 5 ቁጥር ወደ 1 ሚሊ ሜትር የሚጠጋ ስፋት ስላለው ከ1 እስከ 2 ሳንቲ ሜትር ለሚወፍር ጣውላ ይስማማል፤ ለቀጭን ጣውላና ለጠባብ ሐረግ 3 ቁጥርን እመርጣለሁ። ጫፉ ላይ አግዳሚ ሽቦ ያለው ምላጭ ለማሰር ቀላል ቢሆንም ሰፊ ቀዳዳ ይፈልጋል፤ ያለ አግዳሚ የሚታሰረው ግን በቀጭን ፑንታ (የመሰርሰሪያ ጫፍ) በተበሳ ቀዳዳ ስለሚያልፍ ለረቂቅ ሥራ የሚሆነው እርሱ ነው። ማሽን የምትገዙ ሁለቱንም የሚቀበል መሆኑን አስቀድማችሁ ጠይቁ። ጥርሶቹ ወደ ታች ማየት አለባቸው፤ በታችኛው ጫፍ ጥቂት ጥርሶች ወደ ላይ የተገለበጡበት ዓይነት ከተገኘ የጣውላው የታች ፊት እንዳይቦጨቅ ይረዳል። ውጥረቱን የምለካው በጆሮዬ ነው፦ ምላጩን በጣት ነካ ሲያደርጉት እንደ ክራር ክር ጥርት ያለ ቀጭን ድምፅ ከሰጠ በቂ ነው፤ ድምፁ የደፈነ ከሆነ ግን ምላጩ ሥራው ላይ ይጎብጣል፣ የተቆረጠው ጎንም ይዛባል።

ገበታው ከምላጩ ጋር በትክክል ቀጥ ብሎ መግጠሙን ስኳድራ (የማዕዘን መለኪያ) ብቻ አይነግራችሁም። አንድ ወፍራም ቁራጭ እንጨት ወስዳችሁ ከጠርዙ ላይ ጥቂት ሚሊ ሜትር ብቻ ቁረጡና ማሽኑን አቁሙ። ቁራጩን ሳታነሡ ገበታው ላይ ከምላጩ ኋላ አዙራችሁ የተቆረጠውን ስንጥቅ ከምላጩ ጀርባ ጋር አግጥሙት። ምላጩ ሳይነካካ ሰተት ብሎ ስንጥቁ ውስጥ ከገባ ገበታው ቀጥ ብሏል፤ ከላይ ወይም ከታች ከነካው ገበታውን በትንሹ እያዘነበሉ ደግሞ መሞከር ነው። አዲስ ሥራ ከመጀመሬ በፊት ይህን ሳላደርግ አላልፍም፤ ምክንያቱም ጥቂት ዲግሪ የተዛባ ቁረጥ ከላይ ሲያዩት የማይታወቅ ቢሆንም ከታች ያለውን ቀጭን የሐረግ ክር ግማሹን ሊበላው ይችላል።

ሌላው ጀማሪን የሚያስደነግጠው ምላጩ ከመስመር ወደ ቀኝ መሳቡ ነው። ብዙዎቹ ምላጮች ሲመረቱ አንደኛው ጎናቸው ላይ ረቂቅ ሻካራ ጠርዝ ስለሚቀር በዚያ በኩል የበለጠ ይቆርጣሉ፤ ስለዚህ ቀጥ ያለ መስመር ለመቁረጥ ገና ያልተቆረጠውን፣ ወደ እኛ ያለውን የመስመሩን ጫፍ ጥቂት ዲግሪ ወደ ቀኝ አዘንብሎ መግፋት ያስፈልጋል። እጅ ይህን አንዴ ከለመደ በኋላ ማሰብ አይጠይቅም። ግፊቱ ሁልጊዜ ወደ ፊት ብቻ ይሁን፤ ወደ ጎን የተገፋ ምላጭ ወይ ይጎብጣል ወይ ይበጠሳል።

እንጨትን በተመለከተ በአካባቢያችን ያለው በቂ ነው። ከቤት ዕቃ መሥሪያዎች የሚተርፈው የዋንዛ ቁርጥራጭ ለመማሪያ ተስማሚ ነው፦ መካከለኛ ጥንካሬ አለው፣ ምላጭ አያደክምም፣ ቀለሙም ዘይት ሲነካው ይደምቃል። ዝግባ ቃጫው ደቃቅና እኩል ስለሆነ ረቂቅ ሥራ ይቀበላል። ባሕር ዛፍ ሲደርቅ መጣመምና መሰንጠቅ ስለሚወድ ለዚህ ሥራ አልመርጠውም። ወይራ ውበቱ የሚማርክ ቢሆንም ጠንካራነቱ ቁረጡን ያጠቁረዋል፤ ለእርሱ ፍጥነቱን ቀንሶ፣ ጣውላው ላይ ግልጽ ፕላስተር ለጥፎ በዝግታ መሄድ ይረዳል። ደብረ ማርቆስ ከ2,400 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ያለች፣ ክረምቷም ረጅምና እርጥብ የሆነ ከተማ ስለሆነች በሐምሌና በነሐሴ የተላገ ጣውላ በበጋ ሲደርቅ መጠኑ ይለወጣል። ስለዚህ ለቁም ነገር የማስበውን ጣውላ በክረምት እሰበስባለሁ እንጂ አልቆርጠውም።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ልምጣ። በብራና መጻሕፍት ገጽ ራስ ላይ የሚሣለው ሐረግ ለእንጨት ቆራጭ ትልቅ ፈተና የሚሆንበት ምክንያት አለው። በብራና ላይ አንዱ ክር በሌላው ላይ ሲያልፍ፣ ሲገባና ሲወጣ፣ ቀለሙን የሚሸከመው ብራናው ነው፤ ክሩ የትም ቢቋረጥ አይወድቅም። ያንኑ ንድፍ ጣውላ ላይ አድርጋችሁ በክሮቹ መካከል ያለውን ስትፈለፍሉ ግን እያንዳንዱ ክር ከሌላው ጋር ካልተያያዘ ተነቅሎ ይወድቃል። ይህን ችግር ቀድመው የፈቱት የመጾር መስቀል (በረጅም ዘንግ ላይ ተሰክቶ የሚያዘው መስቀል) ሠሪዎች ናቸው። በጣና ገዳማትም ሆነ በየደብራችን ያሉትን የናስ መስቀሎች ልብ ብላችሁ ብታዩ አንድም ተንጠልጣይ ክር አታገኙም፦ ሁለት ክሮች በተገናኙ ቁጥር ይዋሐዳሉ፣ ዳር ያለው ጉልላትና ቅርንጫፍም ከሁለትና ከሦስት ቦታ ተደግፎ ይቆማል። እኔም ሐረጉን ከብራና ላይ በቀጥታ መገልበጥ ትቼ፣ በመስቀሉ አያያዝ መልሼ መንደፍ ከጀመርሁ ወዲህ ሥራዬ በግልጽ ተሻሽሏል። በመስቀሉ ራሱ ላይ ግን አልለማመድም፤ ክቡር ስለሆነ የሚጣል ቁርጥራጭ እንዲሆን አልሻም። አያያዙን አጥንቼ በተራ ሐረግ ላይ እለማመዳለሁ።

ንድፉን ፎቶ ኮፒ አስነሥቼ የሚፈለፈለውን ሁሉ በእርሳስ አጠቁራለሁ፤ ከዚያ ነጭ ሆኖ የቀረውን በጣቴ እየተከተልሁ ከአንዱ ዳር እስከ ሌላው ሳልነሣ መድረስ መቻሌን አረጋግጣለሁ። በጥቁር ተከብቦ ብቻውን የቀረ ነጭ ካለ ወዳቂ ስለሆነ ማያያዣ እጨምርለታለሁ። የፊደል ሥራ የሚወዱ ወዳጆች ይህን ይበልጥ ያስተውሉት፦ የመ፣ የወ፣ የቀና የዐ ክብ ውስጦች፣ ፊደሉ ተፈልፍሎ የሚወጣ ከሆነ፣ ካልታሰሩ አብረው ይወጣሉ። ከ6 እስከ 8 ሚሊ ሜትር በሚወፍር ዋንዛ ላይ ከ3 ሚሊ ሜትር የቀጠነ ማያያዣ አልተውም።

የቁረጡ ቅደም ተከተልም ከዚሁ ይወጣል። መጀመሪያ መሃል ላይ ያሉትን ትንንሽ ቀዳዳዎች፣ ቀጥሎ ሰፋፊዎቹን፣ በመጨረሻ የውጭውን ዙሪያ እቆርጣለሁ፤ ዙሪያው እስኪቆረጥ ድረስ ጣውላው ጥንካሬውን ስለሚጠብቅ ለእጅም መያዣ ይሆናል። ሹል ማዕዘን ላይ ምላጩን እንዲዞር አላስገድደውም። በአንደኛው መስመር እስከ ማዕዘኑ ጫፍ እሄድና በዚያው ስንጥቅ ወደ ኋላ እመለሳለሁ፤ ከዚያ ከሌላው አቅጣጫ እመጣለሁ፤ ሁለቱ ሲገናኙ ቁራጩ በንጹሕ ማዕዘን ይወድቃል። ንድፉ የሚለጠፍበት ጣውላ ላይ አስቀድሞ የወረቀት ፕላስተር መለጠፍ በኋላ ወረቀቱን በብርጭቆ ወረቀት ከመፋቅ ያድናል።

ብናኙን አትናቁት። ከጂግ ሶው ሰጋቱራ ይልቅ ስለሚደቅ አየር ላይ ይቆያል፤ ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ኤጀንሲም የእንጨት ብናኝን በሰው ላይ ካንሰር ከሚያመጡ ነገሮች ጋር መድቦታል። ጭንብልና የዓይን መነጽር ያስፈልጋሉ፤ ነጠላና ሰፊ እጅጌ ከማሽኑ ይራቁ። ለማጠናቀቂያ የተልባ ዘይት እቀባለሁ፤ ዘይቱ የነካው ጨርቅ ተጠቅልሎ ከተቀመጠ ራሱን ሊያቃጥል ስለሚችል ዘርግታችሁ አድርቁት።

አሁን የያዝሁት ሥራ የአትሮንስ (የመጽሐፍ ማስቀመጫ) ሁለት ክንፎች ናቸው። ክንፎቹ የመጽሐፍ ክብደት የሚሸከሙ ስለሆነ በአንድ ነጠላ ጣውላ ላይ ሐረግ መፈልፈል አልመረጥሁም፤ ቃጫውን አቋርጦ የሚሄድ ማያያዣ ሁሉ ደካማ ነው፣ ሐረግ ደግሞ በሁሉም አቅጣጫ ይሄዳል። ኮምፔንሳቶ ይህን ችግር ይፈታል፤ ነገር ግን ጠርዙ ላይ የሚታየው ንጣፍ ለአትሮንስ አይመጥንም። ስለዚህ ሦስት ስስ የዋንዛ ጣውላዎችን፣ የመካከለኛውን ቃጫ ከሁለቱ ጋር አስተላልፌ በኮላ በማጣበቅ ለየክንፉ አንዳንድ ገበታ አዘጋጅቻለሁ። ኮላው በደንብ ሲደርቅ ሁለቱን ገበታዎች ደርቤ በዳር በዳር በፕላስተር አስራቸዋለሁ፤ አንድ ላይ ስለሚቆረጡ ሐረጋቸው ሙሉ በሙሉ ይመሳሰላል፣ አንዱን ገልብጬ ስገጥመውም ግራና ቀኙ ፊት ለፊት ይተያያሉ። ድርቡ ወደ 2 ሳንቲ ሜትር ስለሚጠጋ ከ3 ቁጥር ወደ 5 ቁጥር ምላጭ እሸጋገራለሁ፤ ማያያዣዎቹንም በዚያው ልክ ወደ 4 ሚሊ ሜትር አስፍቼ ነድፌያቸዋለሁ። በተደረበ ዋንዛ ላይ የሠራችሁ ካላችሁ የትኛው ፍጥነት እንደተስማማችሁ ብትነግሩኝ ከመጀመሬ በፊት እጠቀምበታለሁ።