ማን ነገረህ?

ታሪክ ምርጫዬ አልነበረም። ዲፓርትመንት ስንመርጥ ሕግን አንደኛ፣ ኢኮኖሚክስን ሁለተኛ ሞላሁ። ታሪክን የጻፍኩት ክፍት ቦታ እንዳይቀር ነው። እሱው ደረሰኝ። አጎቴ ሲሰማ "ያለፈ ነገር ተምረህ ምን ልትበላ?" አለኝ። መልስ አልነበረኝም።

ሁለት ዓመት በሽምደዳ ገፋሁ። ሃንድአውት ኮፒ ማስደረግ፣ የነገሥታት ስምና ዓመተ ምሕረት መሸምደድ፣ ፈተና ላይ መዘርገፍ፣ መርሳት። ግሬዴ ክፉ አልነበረም። ታሪክ ማጥናት የጀመርኩት ግን ሲኒየር ኤሴይ፣ የመመረቂያው ጽሑፍ፣ ሲመጣ ነው።

ርዕሴ የዘጌ ቡና ነበር። ምክንያቱ አያኮራም፤ ዘጌ ከባሕር ዳር በጣና ሐይቅ ላይ በሕዝብ ጀልባ አንድ ሰዓት ያህል ስለሆነ ኪሴን አይጎዳም። ዘጌ በልማዱ አይታረስም፣ ከብትም አይረባበትም። ጻድቁ አቡነ በትረ ማርያም በትራቸውን ለሦስት ሰብረው ቢተክሉት ቡና፣ ጌሾና ሎሚ በቀለ ይላሉ።

የመጀመሪያ ቀን መጠይቄን በክላሰር ይዤ አንድ ሽማግሌ ደጃፍ ደረስኩ። "የቡና ምርት ለአካባቢው ማኅበረሰብ ያለው ማኅበራዊና ኢኮኖሚያዊ ፋይዳ ምንድን ነው?" ብዬ አነበብኩላቸው። ዝም ብለው አዩኝ።

"ልጄ፣ ጥያቄው አልገባኝም። ቡና ትጠጣ እንደሁ ግን ግባ።"

ገባሁ። ክላሰሩን ከወንበሩ ሥር ከተትኩት። እየጠጣን "በልጅነትዎ ቡናው ወደ ገበያ በምን ይሄድ ነበር?" አልኳቸው። ያኔ አንደበታቸው ተፈታ። ስለ ታንኳው፣ ደንገሉ ውኃ ሲጠጣ እንዴት እንደሚከብድ፣ አባታቸው በጣሊያን ጊዜ ቡና የት እንደሸሸጉ። የስልኬ ባትሪ እስኪያልቅ ቀዳሁ። ከዚያ ወዲህ ያለ መለዋወጫ ባትሪ ወጥቼ አላውቅም።

ለካ ትልቁን ምንጭ ረስቼው ኖሯል። ባለቤታቸው ቡና እየቆሉ ሲሰሙ ቆይተው አላስቻላቸውም። "የለቀምነው እኛ፣ ያደረቅነው እኛ፣ የሚጠየቀው እሱ!" አሉ። ሳቅኩ፤ ማታ ዶርም ገብቼ ላነጋግራቸው ያሰብኳቸውን ሰዎች ዝርዝር ሳየው ግን ሳቄ ጠፋ። አሥራ አንድ መረጃ ሰጪ፣ አሥራ አንዱም ወንድ። በማግስቱ ተመልሼ እማማን ብቻ ጠየቅኩ። የኤሴዬ ጥሩ ምዕራፍ የሳቸው ነው።

የመጀመሪያው ድራፍት ከአማካሪዬ ሲመለስ በቀይ እስኪርቢቶ ታጥቧል። በየኅዳጉ ያው አንድ ጥያቄ፦ "ማን ነገረህ? መቼ?" አንደኛው ቦታ ላይ ደግሞ "ጣሊያን በ1936 ዓ.ም. ሲገባ" ብዬ ጽፌያለሁ። ከፈረንጅ መጽሐፍ ቀድቼ "ዓ.ም." የምትለዋን ከራሴ ጨምሬ! ጣሊያን አዲስ አበባ የገባው ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ነው። በእኛ 1936 ንጉሡ ከስደት ተመልሰው ሦስት ዓመት ሆኗቸዋል። ከፈረንጆቹ ዓመት ላይ ከመስከረም 1 እስከ ዲሴምበር ማለቂያ 7፣ ከዚያ በኋላ 8 ይቀነሳል። ከሁለተኛ ክፍል ጀምሮ የማውቀው ነገር ነው፤ ግን ሌሊት ስምንት ሰዓት ላይ ማን ያስታውሳል?

ሽማግሌዎቹማ በቁጥርም አይነግሩህም። "ንጉሡ ሳይወርዱ"፣ "ታላቋ ልጄ ስትዳር" ነው የሚሉት። ንጉሡ የወረዱት መስከረም 2 ቀን 1967 ስለሆነ ከዚያ ተነስቼ ወደኋላ እቆጥራለሁ። ሁለት ሰዎች ሲጋጩብኝ መጀመሪያ አንዱን እሰርዝ ነበር። በኋላ ሁለቱንም ከነስማቸው መጻፍ ለመድኩ።

ተመርቄ ጥራዙን ይዤ ዘጌ ተመለስኩ። እማማ "እኔ የታለሁ?" አሉ። መጨረሻ ገጽ ላይ ስማቸውን፣ ዕድሜያቸውንና ያነጋገርኳቸውን ቀን አነበብኩላቸው። ስማቸው ላይ ፈገግ አሉ። ዕድሜያቸው ላይ ፊታቸው ተለወጠ።

"ሰባ ሁለት? ማን ነገረህ?"

ዞር ብዬ ሽማግሌውን አየሁ። እሳቸው ሐይቁን ያያሉ።