ኬዌ፦ በየዓመቱ የሚገመድ ድልድይ

ከኩስኮ ተነስቼ በሲኩዋኒ መንገድ ወደ ደቡብ ወረድኩና ኮምባፓታ ላይ ታጠፍኩ። ያናኦካን ካለፉ በኋላ የፔሩ ካናስ አውራጃ አካል የሆነው የኬዌ ወረዳ ይገኛል። ከፍታው 3,700 ሜትር አካባቢ ነው፤ ከሊማ በአውሮፕላን የመጣ ሰው ቢያንስ ሁለት ሌሊት ኩስኮ አድሮ አየሩን ቢለምድ ይሻለዋል።

ሕዝቡ ኬቿ ተናጋሪ ነው፤ ድንች ያመርታል፣ በግ ያረባል። በጁን ሌሊቱ ውርጭ ነው፤ ገበሬውም ውርጩን ይፈልገዋል። ድንቹን ሜዳ ላይ አስጥቶ ሌሊት ውርጭ ያስመታዋል፣ በእግሩ እየረገጠ ውሃውን ያወጣዋል፣ ከዚያም ፀሐይ ላይ ያደርቀዋል። ቹኞ የሚባለው ይህ ነው፤ ለዓመታት አይበላሽም።

በዚሁ ወር ዊንቺሪ፣ ቻውፒባንዳ፣ ቾካይዋና ኮያና ኬዌ የተባሉት አራቱ ማኅበረሰቦች በአፑሪማክ ወንዝ ላይ ያለውን የቀስዋቻካ ድልድይ እንደ አዲስ ይሠሩታል። ርዝመቱ 28 ሜትር ገደማ ነው፤ ገመዱ ሁሉ ቆያ ከሚሉት፣ የመንዝን ጓሳ ከሚመስል ሣር ነው። ደረቅ ሣር ሲገመድ ስለሚበጠስ በድንጋይ ይወቀጣል፣ በውሃም ይርሳል። ሴቶቹ ገደሉ አናት ላይ ተቀምጠው ሣሩን በሁለት መዳፋቸው መካከል እያሹ ቀጭኑን ገመድ ያስረዝማሉ፤ ጫፉ ሳያልቅ አዲስ ጭብጥ ሣር ስለሚጨምሩበት መጋጠሚያው አይታይም። በልማዱ ሴቶች ወደ ድልድዩ አይወርዱም። ወንዶቹ ቀጫጭኑን አንድ ላይ ይገምዱታል፤ ያንን ደግሞ እንደ ሹሩባ ጎንጉነው ስድስት ወፋፍራም ገመዶች ያወጣሉ፦ አራቱ ለወለል፣ ሁለቱ ለእጅ መያዣ።

ከባዱ ሥራ መወጠሩ ነው። አራቱ የወለል ገመዶች እኩል ካልተወጠሩ ድልድዩ ወደ አንድ ጎን ያጋድላል፤ ስለዚህ ከሁለቱም ዳር ብዙ ሰው ደጋግሞ ይጎትታል። ከዚያ ቻካሩዋክ የሚባሉት ባለሙያዎች ከሁለቱ ጫፎች ተነስተው መያዣውን ከወለሉ ጋር እያሰሩ መሃል ላይ ይገናኛሉ። አሮጌው ድልድይ ተቆርጦ ወንዙ ውስጥ ይጣላል።

አቅራቢያው የብረት ድልድይ ስላለ ለመሻገር ብቻ ቢሆን ይህ ሁሉ ድካም ባላስፈለገ። በእኔ ግምት ልማዱን ያቆየው የየቤተሰቡ የጉልበት ግዴታና ሥራው ሲጀመር ለፓቻማማ፣ ለእናት ምድር፣ የሚቀርበው መሥዋዕት ነው። ዩኔስኮም እ.ኤ.አ. በ2013 የመዘገበው ዕውቀቱንና ሥርዓቱን ነው። በ2020 በወረርሽኙ ምክንያት ሳይታደስ ቀረ፤ ዝናቡ ያበሰበሰው ገመድም በማርች 2021 ተበጠሰ። በዚያው ዓመት ጁን ላይ ማኅበረሰቦቹ እንደገና ሠርተው ዘረጉት።