ጎማ ማጽዳትና ማብራት፦ ከአቧራ ሰፈር የሦስት ሳምንት ማስታወሻ

መኪናዋ ቪትዝ ናት፤ ጎማዋ 165/70 አር 14። በየቀኑ ከኮዬ ፈጬ ተነስታ በቱሉ ዲምቱ በኩል ቃሊቲ ትመላለሳለች። ከአስፋልቱ እስከ ግቢው በር ያለው መንገድ አፈር ነው። ጥር ላይ አራቱም ጎማ እኩል ከታጠበ በኋላ እያንዳንዱ በየራሱ መንገድ ተያዘ። ፊት ግራ በውሃ የተሠራ ማብሪያ ተቀባ፤ ፊት ቀኝ በሶልቨንት (ከነዳጅ በሚወጣ ማሟሚያ ፈሳሽ) የተሠራው፣ ያ እንደ መስታወት የሚያብለጨልጨው። ኋላ ግራ ግሊሰሪንና ውሃ እኩል በእኩል፤ ኋላ ቀኝ ምንም። ውጤቱ ወደ ታች አለ፤ ከማብሪያው ዓይነት በላይ ነገሩን የሚወስነው ግን እጥበቱ ስለሆነ ከሱ እንጀምር።

እጥበት

ጎማ ቡኒ ሲሆን ብዙ ሰው አቧራ ነው ብሎ ያልፈዋል። ከፊሉ እውነት አቧራ ነው። ከፊሉ ግን ከራሱ ከጎማው ውስጥ የሚወጣ ነው። ኦዞን የተባለው በአየር ውስጥ ያለ ጋዝ እንዳይሰነጥቀው ሲመረት ከላስቲኩ ጋር መከላከያ ኬሚካል ይቀላቀላል። ይህ ኬሚካል ቀስ እያለ ወደ ላይ ይወጣና አየር ሲያገኘው ቡኒ ይሆናል። ስለዚህ ቡኒው መከላከያው ሥራ ላይ እንዳለ ነው የሚያሳየው፤ ጎማው ተበላሸ ማለት አይደለም። ችግሩ ማብሪያ በላዩ ሲቀባ ነው፦ ማብሪያው ላስቲኩን ሳይሆን ቡኒውን ይይዝና በሁለተኛው ቀን ዥጉርጉር ሆኖ ይወጣል። አዲስ ጎማም ቢሆን ከፋብሪካው ቅርጽ ማውጫ በቀላሉ እንዲላቀቅ የተቀባ ቅባት ስላለው ሳይታጠብ ማብሪያ አይይዝም።

ማጽጃው አልካላይን (የአሲድ ተቃራኒ) የሆነ ሁለገብ ማጽጃ ቢሆን ይበቃል። ለመጀመሪያው እጥበት 200 ሚሊ ሊትር ማጽጃ ከ800 ሚሊ ሊትር ውሃ ጋር፤ ከዚያ በኋላ ለየሳምንቱ እጥበት አንድ እጅ ለአሥር እጅ ውሃ። የዕቃ ማጠቢያ ፈሳሽ ሳሙና ቀላል አቧራ ያነሳል፤ የድሮ ማብሪያ ቅሪትን ግን አያነሳም። በረኪና ይቅር፤ ላስቲኩን ያደርቀዋል። ለቸርኬ ተብሎ የሚሸጠው አሲድ ያለበት ማጽጃም ጎማ ላይ ሥራ የለውም፤ የአሉሚኒየም ቸርኬንም ያነጣዋል።

ፈረቃ ላለበት ሰፈር አንድ ባለ 20 ሊትር ጄሪካን ለአራት ጎማ ይደርሳል፤ ለያንዳንዱ አምስት ሊትር ማለት ነው። መጀመሪያ መኪናው ይቁምና ጎማውም ፍሬኑም ይቀዝቅዝ። በሞቀ ጎማ ላይ ማጽጃ ሳይሠራ ይደርቃል፣ በጋለ የፍሬን ዲስክ ላይ የሚደፋ ቀዝቃዛ ውሃም ዲስኩን ሊያጣምመው ይችላል። ቀጥሎ በንጹህ ውሃ አፈሩን ማውረድ። ማጽጃውን ከታች ወደ ላይ መርጨት፣ አንድ ደቂቃ መጠበቅ፣ ሳይደርቅ መካከለኛ ጥንካሬ ባለው የናይለን ብሩሽ ክብ ክብ እያሉ መፈተግ። የሽቦ ብሩሽ ጎማውን ይጭራል። ለቸርኬው ሌላ ብሩሽ ይኑር፤ የፍሬን ብናኝ ሸካራ ነው፣ በብሩሹ ጸጉር ተይዞ ወደ ጎማው ሲሄድ እንደ አሸዋ ወረቀት ነው።

አረፋውን ልብ ብላችሁ እዩት። በመጀመሪያው ዙር ጠቆር ያለ ማኪያቶ ይመስላል፤ በፊደሎቹ ጠርዝ ላይ ደግሞ ወፈር ብሎ እንደ ቡና አተላ ይረጋል። አጥቦ መድገም ነው። በሁለተኛው ዙር ወተቱ ይበዛል። በዚች መኪና ፊት ጎማዎች ሦስት ዙር ፈጁ፣ የኋላዎቹ ሁለት። አረፋው ነጭ ሆኖ ሲቀር ጎማውን በነጭ ጨርቅ ጠበቅ አድርጎ መጥረግ፤ ጨርቁ ቡኒ ካነሳ አልጨረሳችሁም። ላቫጆ የሚያሳጥብ ሰው የግፊት ውሃው ከጎማው ጎን ቢያንስ 30 ሳንቲ ሜትር እንዲርቅ ይንገራቸው።

ጎማው በዚህ ሰዓት ራቁቱን ስለሆነ ለምርመራ ከዚህ የተሻለ ጊዜ የለም። ጎኑ ላይ ዶት (DOT) ከሚለው ጽሑፍ መጨረሻ ያሉት አራት ቁጥሮች የተመረተበትን ሳምንትና ዓመት ይናገራሉ፤ 2319 ከሆነ የ2019 እ.ኤ.አ. 23ኛ ሳምንት ነው። በጎኑ ላይ ጸጉር የመሰሉ ስንጥቆች ካሉ፣ ወይም የተነፋ እብጠት ካለ፣ ማብሪያውን ትታችሁ ወደ ጎሚስታ። ማብሪያ ስንጥቅን ይሸፍናል እንጂ አይጠግንም፤ የተሸፈነ ስንጥቅ ደግሞ ሳይታይ ይሰፋል።

ማብሪያ መምረጥ

ዋናው ልዩነት የተሠራበት ነገር ነው። በውሃ የተሠራው እንደ ወተት ነጭ ነው፤ ጎማውን የሚያጠቁረው ሲሊኮን የተባለ ዘይት መሰል ነገር በውሃ ውስጥ ተበትኖ ስላለ። ሲደርቅ አያብለጨልጭም፣ ደብዘዝ ያለ ጥቁር ይሆናል። በሶልቨንት የተሠራው ጠርቶ የሚታይ፣ ቅባት ያለው፣ ቤንዚን ቤንዚን የሚሸት ነው፤ ጣሳው ላይ አብዛኛውን ጊዜ የእሳት ምልክት አለ። ሶማሌ ተራም ሆነ የሰፈር መለዋወጫ ሱቅ፣ በሃይላንድ ጠርሙስ ተገልብጦ ያለ ጽሑፍ የሚሸጥ ካጋጠመ በብርጭቆ ውሃ ውስጥ አንድ ጠብታ ጣል አድርጎ መሞከር ይቻላል። ወተት ሆኖ ከተበተነ በውሃ የተሠራ ነው። እንደ ዘይት ከተንሳፈፈ ሌላው ነው።

ናፍጣና የተቃጠለ ዘይት ለአንድ ቀን ጥቁር ያደርጋሉ፣ ይህ እውነት ነው። የነዳጅ ዘር ሁሉ ግን ወደ ላስቲኩ ይሰርጋል፣ ያሳብጠዋል፣ ያለሰልሰዋል። እባካችሁ ጎማ ላይ አታስቀቡ። ቫዝሊንም ከነዚሁ ወገን ነው፤ አቧራ መያዙ ደግሞ ሌላ ጣጣ።

አቀባብ

ጎማው ሙሉ በሙሉ መድረቅ አለበት። ውሃ በፊደሎቹ ስር ከቀረ ማብሪያው እዚያ ጋ አይይዝም፤ ነጠብጣብ ሆኖ ይታያል። ጥላ ሥር፣ ጠዋት ቢሆን ጥሩ ነው። ለአንድ ጎማ 5 ሚሊ ሊትር በቂ ነው፤ ልኩን ለመያዝ ከፋርማሲ የሚገዛ መርፌ የሌለው ሲሪንጅ ያገለግላል። በዚህ ልክ 500 ሚሊ ሊትር 25 ጊዜ አራቱንም ጎማ ያስቀባል። በቀጥታ ጎማው ላይ አይረጭም፤ ስፖንጅ ላይ አፍስሶ ነው የሚቀባው። የተረጨ ማብሪያ የፍሬን ዲስክ ላይ ካረፈ ፍሬን ያሳጣል፣ የጎማው ጥርስ ላይ ካረፈም ያንሸራትታል። ለሞተር ሳይክል ጎማ ደግሞ ጨርሶ አይሆንም፤ ሞተር ሲታጠፍ በጎማው ጠርዝ ነው የሚቆመው።

ከተቀባ በኋላ 20 ደቂቃ፣ ከዚያ በደረቅ ጨርቅ ትርፉን መጥረግ። ብዙዎች የሚዘሉት ይህቺን ነው።

የሦስት ሳምንቱ ውጤት

ፊት ቀኝ፣ በሶልቨንት የተሠራው፣ በመጀመሪያው ቀን ከሁሉም አማረ። በሁለተኛው ቀን አቧራው ቅባቱ ላይ ተጣብቆ ፊደሎቹ ግራጫ ሆኑ። ፓራፋንጎውና ከጎማው ጀርባ ያለው የበሩ ታችኛ ክፍል ላይ ጥቃቅን ጥቁር ነጠብጣብ ተረጨ፤ ጎማው ሲሽከረከር ያልደረቀውን ትርፍ ወርውሮት ነው። በአራተኛው ቀን በአንድ ለአሥር ማጽጃ ተነሳ። ፀሐይ ላይ ሰንብቶ ቢሆን ያስቸግር ነበር።

ፊት ግራ በመጀመሪያው ቀን ሱቅ የተሰቀለ አዲስ ጎማ መሰለ። በሰባተኛው ቀን የያዘው አቧራ በደረቅ ጨርቅ ተራገፈ። ወደ ሦስተኛው ሳምንት መጨረሻ እኩል ደበዘዘ፤ ዥጉርጉር አልሆነም። ለአቧራ መንገድ ከሁለቱ ማብሪያዎች የሚመረጠው ይህ ነው።

ግሊሰሪን የተቀባው ኋላ ግራ በመጀመሪያው እጥበት ባዶውን ቀረ። ግሊሰሪን ከውሃ ጋር ይሟሟል፣ ከአየርም እርጥበት ይስባል፤ የዚህኛው አቧራ ሲነካ እርጥብ እርጥብ የሚለው ለዚህ ነው። ጎማውን አይጎዳም። ለሠርግ ቀን ከሆነ ይሁን።

ኋላ ቀኝ ምንም ያልተቀባው ግራጫ ሆነ፣ ግን አንድ ዙር ብሩሽ ብቻ መለሰው። ማብሪያ መግዛት ለማይፈልግ ሰው በየሁለት ሳምንቱ እንዲህ ማጠብ ያዛልቃል። (የፊቶቹ ከፊት፣ የኋላዎቹ ከኋላ ጋር ብቻ ይነጻጸሩ፤ ፊት ጎማ የሚሸከመው የፍሬን ብናኝ ይበዛል።)

ሁለተኛው ዙር ሐምሌ ላይ ነው፣ በመረሬው ጭቃ። ያኔ አራቱም ጎማ በውሃ የተሠራውን ይቀባል፤ ሁለቱ አንድ እጅ፣ ሁለቱ በአንድ ሰዓት ልዩነት ሁለት እጅ። ጭቃው ጎማው ላይ ሳይደርቅ በውሃ ይወርዳል፣ በብሩሽ አይፈተግም፤ የሚቆጠረውም ከስንት እጥበት በኋላ አረፋው እንደገና ማኪያቶ እንደሚሆን ነው።