የገንፎው ጉድጓድ

ገንፎ ያወፍራል ወይስ ያከሳል? ሰሞኑን እኛ ቤት ሌላ ወሬ የለም። አንዷ ሰውነቷ እንዲጠገን ገንፎ ትበላለች፣ ሌላዋ ሆዷ እንዲገባ ገንፎ ትበላለች፣ ዱቄቱ ግን ከአንድ ባልዲ ነው የሚዛቀው። ታዲያ አንዳችን ተሳስተናል ማለት ነው? ይሄን ሳስብ ከረምኩና ልጻፈው አልኩ።

የምትጠገነው ታናሽ እህቴ ናት። ወልዳ አራት ኪሎ እማዬ ቤት ተኝታለች። ሴት ልጅ ስለሆነች ክርስትናው በ80 ቀን ነው፤ በእማዬ ስሌት እስከዚያ ድረስ ከገንፎና ከአጥሚት መለየት የለም። ጠዋት ገንፎ፣ ረፋዱ ላይ አጥሚት፣ ከሰዓት ጠያቂ ሲመጣ ደግሞ ሌላ ገንፎ፣ ምክንያቱም አራስ ጥየቃ መጥቶ ገንፎ ሳይቀምስ የሚወጣ የለም፣ ጠያቂ እየበላ ደግሞ አራሷ ዝም ብላ አታይም። እህቴ በእርግዝናው የጨመረችው ኪሎ አሳስቧታል።

"እማዬ፣ አንድም ልብስ አልገባኝ አለ እኮ።"

"ወገብሽ ሳይጠና የምን ልብስ ነው? ይልቅ ሳይቀዘቅዝ ብዪ!"

በቃ፣ ክርክሩ እዚያ ላይ ያልቃል።

ሆዷ እንዲገባ የምትበላው ደግሞ እኔ ነኝ። ምርመራ ሳደርግ ኮሌስትሮሌ ከፍ ብሎ ተገኘና ሐኪሟ ቅባት ቀንሺ፣ በእግርሽ ሂጂ ካለችኝ በኋላ "ቁርስሽን አጃ ወይም የገብስ ገንፎ ብታደርጊው ጥሩ ነው" አለችኝ። ሳቄ መጣ። እኔ ገንፎ የማውቀው ለከሳ ሰው ሲታዘዝ ነው። ልጅ ሆነን ታመን ስንነሳ፣ ፈተና ሲደርስ፣ ከገጠር ዘመድ ከስቶ ሲመጣ፣ ለሁሉም መፍትሔው ገንፎ ነበር። ያኔ "ወፈርሽ" መባል ምርቃት ነው። ዛሬ የቢሮ ልጆች "ወፈርሽ" ስትያቸው ምሳ ይዘላሉ።

እማዬ ስታገነፋ ቆሜ ማየት እወዳለሁ። ውሃው ይፈላል፣ ጨው ጣል ይደረጋል፣ ዱቄቱን በአንድ እጇ እየነሰነሰች በሌላው ታማስላለች፣ እንዳይጓጉል እያሸች እየደፈጠጠች፣ ክንዷ እስኪዝል ድረስ። እኔ ልሞክር ስል "ተይው፣ ጥሬ ታደርጊዋለሽ" ብላ ማማሰያውን ትነጥቀኛለች። ከዚያ ሳህን ላይ ይገለበጣል፣ በማንኪያ ጀርባ ዙሪያው ይስተካከላል፣ መሃሉ ይጎደጎዳል፣ ቀልጦ የተዘጋጀው ቅቤ ከበርበሬ ጋር ይሞላበታል። ቅቤው የሸኖ ከሆነ ደግሞ ሽታው ደረጃው ድረስ ወርዶ ጎረቤት ይጠራል።

እንግዲህ ሒሳቡ እዚህ ጋ ነው። 100 ግራም የገብስ ዱቄት ወደ 350 ካሎሪ አለው። ውሃ ስለሚጠጣ ለአንድ ሰው ደህና ሳህን ይሞላል። አንድ የሾርባ ማንኪያ ንጥር ቅቤ ደግሞ 120 ካሎሪ ገደማ ነው። የእማዬ ጉድጓድ ሦስት ማንኪያ ያለ ችግር ይውጣል። ደምሩት፣ 360። ያ ትንሽ ጉድጓድ ብቻውን ከዙሪያው ተራራ ጋር እኩል ካሎሪ ይዟል ማለት ነው። ይሄን ለእማዬ በወረቀት ጽፌ ባሳያት "አንቺ ደግሞ ቅቤን በእስክሪብቶ ትመዝኛለሽ?" አለችኝ።

እኔ ግን ነገሩ የገባኝ እዚያ ወረቀት ላይ ነው። ሰው "ገንፎ አወፈረኝ" ሲል ክሱን በማን ላይ እንደመሠረተ ይለይ። ያለ ቅቤ ከሆነ ገንፎ ከአንድ ጥሩ ቁርስ የበለጠ ነገር የለውም። እንዲያውም ከሳምቡሳና ከቦምቦሊኖ ጋር ሲተያይ እሱ ነው የሚያዋጣው፣ ምክንያቱም ይይዛል። የገብስ ገንፎ በልቼ በወጣሁበት ቀን ረፋዱ ላይ ቢሮ ሥር ያለው ኬክ ቤት ትዝም አይለኝ።

የሚይዝበት ምክንያትም አለው። ገብስና አጃ ውስጥ ቤታ ግሉካን የሚባል ፋይበር አለ። ውሃ ሲያገኝ ይዝለገለጋል፤ አጃ ሲበርድ የሚዝለገለገው እሱ ነው። ያ ዝልግልግ ነገር ሆድ ውስጥ ገብቶ ምግቡ ቀስ ብሎ እንዲወርድ፣ ስኳሩም ወደ ደም ቀስ ብሎ እንዲገባ ያደርጋል። አንጀት ሲደርስ ደግሞ ሐሞት ይዞ ይወጣል፣ ጉበትም የጎደለውን ሐሞት ለመተካት ኮሌስትሮልን ከደም ይስባል። ሐኪሟ የላከችኝ ለዚህ ነው። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት ተቆጣጣሪ እ.ኤ.አ. በ1997 የአጃ አምራቾች ምርታችን የልብ በሽታን ስጋት ሊቀንስ ይችላል ብለው ማሸጊያቸው ላይ እንዲጽፉ ፈቅዷል፤ ልኩ በቀን 3 ግራም ቤታ ግሉካን ነው። ገብስም በኋላ ተጨምሯል። ግን ፈቃዱ ቅድመ ሁኔታ አለው፤ የቀረው አመጋገብ የሚረጋ ቅባት ያነሰበት ሲሆን ነው። ሦስት ማንኪያ ቅቤ ካፈሰስኩበትማ በአንድ እጄ እያወረድኩ በሌላው እየጫንኩ ነው።

አጃ ከውጭ ሲመጣ "ኦትስ" ተብሎ ባማረ ካርቶን ሱፐርማርኬት መደርደሪያ ላይ ይቀመጥና ዋጋው ሌላ ይሆናል። እኔ ይሄን ነገር አልወደውም። ገብስ የእህል ንጉሥ እየተባለ ባደገ ሕዝብ መሃል፣ እህል በረንዳ በጆንያ የተከመረውን ትቶ፣ ስኳር የተጨመረበትን ባለ ጣዕም ኦትስ "ለዳይት" ብሎ መግዛት ምን ይባላል? ካፌዎችም አሉ፤ አንድ ጎድጓዳ ሳህን አጃ ላይ ማር፣ ሙዝ፣ የለውዝ ቅቤ፣ ቸኮሌት ደርድረው የጤና ቁርስ ይሉታል። ያው የእማዬ ጉድጓድ ነው፣ ፈረንጅ ልብስ ለብሶ። ስኮትላንዶች እንኳ፣ የአጃ ገንፎ የእኛ ነው የሚሉት፣ እንዲህ አያደርጉም። ካርብሪጅ በምትባል መንደራቸው እ.ኤ.አ. ከ1994 ጀምሮ የገንፎ ውድድር አለ። በዋናው ፉክክር የሚፈቀደው አጃ፣ ውሃና ጨው ብቻ ነው። ሽልማቱ ምን መሰላችሁ? የወርቅ ማማሰያ! እማዬን እዚያ ብወስዳት ደስ ይለኝ ነበር፣ ቅቤ የለም ሲሏት ግን ተመልሳ አይሮፕላን ትሳፈራለች።

አፈጫጩም ልዩነት አለው። ዱቄቱ ሻከር ሲል ሆድ ውስጥ ቀስ ብሎ ይፈጫል፣ በጣም የላመ ሲሆን ግን ወደ ስኳርነት ይቸኩላል። የድሮው ወፍጮ ቤታችን ፒያሳ ሲፈርስ አብሮ ሄዷል፣ አሁን ወደ ስድስት ኪሎ ወጣ ብለን ነው የምናስፈጨው። ልጁን "ወንድሜ፣ ልም አታድርገው" አልኩት። "እትዬ፣ ለዶሮ ነው እንዴ?" አለኝ። እማዬም ሻካራ ገንፎ ጉሮሮ ይቧጥጣል ባይ ናት። በመሃል ተስማማን፣ ማለትም ልጁ የፈለገውን አደረገ። አንድ የሚያጽናና ነገር ቢኖር፣ ገብሱ ተፈትጎ ገለባው ቢሄድም ቤታ ግሉካኑ አብሮ አይሄድም፤ በፍሬው ሁሉ ውስጥ ነው ያለው።

ቡላ ግን ሌላ ነው። ስሙ ገንፎ ይሁን እንጂ ቡላ ከእንሰት ተጨምቆ የሚረጋ ስታርች ነው። ፋይበሩም ፕሮቲኑም እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። ይጣፍጣል፣ አልክድም። ግን ስኳር ያለባት ጎረቤታችን "ገንፎ ለስኳር ጥሩ ነው ብለዋል" ብላ የቡላ ገንፎ በቅቤ ስትበላ ሳይ ዝም ማለት ከበደኝና ተናገርኩ። ተቀየመችኝ መሰለኝ። ይሁን።

ረቡዕና አርብ ቅቤ የለም፣ እማዬም ጉድጓዱን በዘይት ትሞላዋለች። እህቴ በጾም ቀን ገንፎ አያወፍርም ትላለች፤ አራስ ስለሆነች እሷ አትጾምም፣ እኛን ለማጽናናት ነው። ዘይት ግን በካሎሪ ከቅቤ አይተናነስም፣ አንድ የሾርባ ማንኪያው እሱም 120 ገደማ ነው። ዓይነቱ ነው የሚለየው። የሱፍ ወይም የኑግ ዘይት ለኮሌስትሮሌ ይሻላል። የሚረጋው የፓልም ዘይት ግን ግማሹ ያው የሚረጋ ቅባት ነው። ስለዚህ ጾሙ ለነፍስ ይሁን፣ ለወገብ አንቁጠረው።

ሚዛንም ያሳስታል። ከአራት ኪሎ ወደ ፒያሳ ስወርድ አስፋልት ዳር ሚዛን ይዞ የሚቀመጥ ልጅ አለ። ጠዋት ገንፎዬን በልቼ ወጣሁበት። ጨምሬያለሁ። "እትዬ፣ ቦርሳዎን ያውርዱት፣ እሱም ይመዝናል" አለኝ። ቦርሳዬን አወረድኩ፣ አሁንም ጨምሬያለሁ። በልቶ የተመዘነ ሰው የሚመዝነው ሳህኑን ነው፤ ውሃ የጠጣ ዱቄት ግማሽ ኪሎ ቢሞላ ምን ይገርማል? ጨው የበዛበት ከሆነ ደግሞ ሰውነት ውሃ ይይዛል። ውፍረት በአንድ ጠዋት አይመጣም፣ በአንድ ጠዋትም አይሄድም። ከዚያ ወዲህ ባዶ ሆዴን ካልሆነ አልወጣበትም።

ወደ እህቴ ልመለስ። እማዬ ሙሉ በሙሉ አልተሳሳተችም። የምታጠባ ሴት በቀን ወደ 500 ካሎሪ ገደማ ተጨማሪ ያስፈልጋታል፣ የድሮ እናቶች ይሄን ሳያሰሉ ያውቁታል። ችግሩ 500ው በጠዋቱ ጉድጓድ አብዛኛው ማለቁና ከዚያ በኋላ አጥሚቱ፣ የጠያቂው ገንፎ፣ ጠያቂዋ የያዘችው ለስላሳ መከተሉ ነው። ደግሞም ገንፎ ብቻውን አይጠግንም። ስትወልድ ደም ፈሷታል፣ ብረት ያስፈልጋታል፤ እህል ውስጥ ያለው ፋይቴት የሚባል ነገር ብረቱን ይይዝባታል፣ ላዩ ላይ ቡና ሲጠጣበት ደግሞ ይብሳል። እንቁላል፣ ምስር፣ ሥጋ ይጨመር፣ ቡናው ትንሽ ይቆይ አልኩ። ብዙ ጭቅጭቅ ነበረው። አሁን የጠዋቱ ገንፎ በአንድ ማንኪያ ቅቤና በእንቁላል ሆኗል፣ የከሰዓቱ ገንፎ የጠያቂ ነው። ጠያቂዎቹ ግን "ምነው ጉድጓዱ ጠበበ?" እያሉ ለእማዬ ስሞታ ያቀርባሉ። እማዬም "ቅቤ ተወደደ" ትላቸዋለች። እኔን ላለማጋለጥ ይሁን እውነቷን አላወቅኩም፣ ቅቤው እንደሆነ በእርግጥ ተወዷል።

ሕፃኗ ላይ ግን ፍንክች አላልኩም። እማዬ ከአሁኑ "ቀጭን ሙቅ ብትቀምስ" ማለት ጀምራለች። ስድስት ወር እስኪሞላት ከእናቷ ጡት ሌላ ምንም። ከዚያም በኋላ ቢሆን ቀጭን ሙቅ አይደለም የምትፈልገው። የሕፃን ሆድ ትንሽ ነው፣ ውሃ ውሃ በሚል ሙቅ ሲሞላ ጠገበች ተብሎ ይተዋል፣ እህሉ ግን ውስጡ የለም። ለእሷ ገንፎው ወፈር ማለት አለበት፣ ጠብታ ዘይት ወይም ቅቤ ሊገባበት፣ እንቁላል ሊመታበት ይገባል። ለእኔ የተከለከለው ቅቤ ለእሷ ሲደርስ ይታዘዛል። እማዬ ይሄን ስትሰማ ፊቷ በራ፤ በመጨረሻ ቅቤዋን የሚፈልግ ሰው ተገኘ።

የቀረን አንድ ጠብ ሙቀቱ ላይ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም እ.ኤ.አ. በ2016 ከ65 ዲግሪ በላይ የሆነ በጣም ትኩስ መጠጥ የጉሮሮ ቧንቧ ካንሰር ሊያመጣ እንደሚችል ገልጿል፣ ያ ካንሰር በሚበዛባቸው በአርሲና በባሌ በኩልም ተመራማሪዎች ከሚጠረጥሯቸው ነገሮች አንዱ ትኩስ ገንፎ ነው። ገንፎ ደግሞ ሙቀት ይይዛል፣ ከላይ የበረደ መስሎ ውስጡ ይፋጃል። ስለዚህ ሳህኔን ገፋ አድርጌ እጠብቃለሁ። እማዬ "የበረደ ገንፎ ምኑ ይበላል!" ብላ ከዳር ከዳር እየቆረሰች ጉድጓዱ ውስጥ እየነከረች ትበላለች፣ እኔ ማንኪያዬን ሳነሳ እሷ የራሷን ጨርሳ የእኔ ጉድጓድ ውስጥ ምን ያህል ቅቤ እንዳለ እያየች ነው።