ከባሕሩ ጀምራችሁ ቁጠሩ፦ የፍሪሂሊያና የእግር ጉዞ ማስታወሻ

ተራራ የመውጣት ሱስ ከያዘኝ ወዲህ ቅዳሜዬን የምትበላው ፍሪሂሊያና ናት። ደቡብ ስፔን፣ ማላጋ ጠቅላይ ግዛት ውስጥ፣ ከኔርሃ የባሕር ዳርቻ 6 ኪሎሜትር ያህል ወደ ውስጥ ገባ ብላ ተራራው ወገብ ላይ የተቀመጠች ነጭ መንደር ናት። ከማላጋ ከተማ በአውቶቡስ ኔርሃ፣ ከኔርሃ በሌላ አውቶቡስ ሽቅብ፣ አለቀ። መኪና ለሌለን ሰዎች በዚህ ዳርቻ ከዚህ የተሻለ የተራራ መግቢያ አላገኘሁም። «ከየት ልጀምር?» ላላችሁኝ እስካሁን የገባኝን ልጻፍላችሁ።

መጀመሪያ ስለ ቁጥር። ከመንደሩ በላይ የሚታየው ኤል ፉዌርቴ የሚባለው ተራራ 1000 ሜትር እንኳ አይሞላም። አዲስ አበባ ያደገ ሰው ይህን ሲሰማ ፈገግ ይላል። መርካቶ ራሱ ከ2000 ሜትር በላይ ነዋ! እንጦጦማ 3000ን ያልፋል። ግን እንጦጦን ስንወጣ ታክሲው ሽሮ ሜዳ ድረስ ካደረሰን በኋላ ነው በእግር የምንጀምረው። ፍሪሂሊያና ግን ያለችው 300 ሜትር ገደማ ላይ ነው። እስከ ተራራው ጫፍ ከ650 ሜትር በላይ አቀበት ይቀራል። ከሽሮ ሜዳ እስከ እንጦጦ ማርያም ካለው ይበልጣል ማለት ነው። ቆላ ስለሆነ ትንፋሽ አያጥርም፤ የሚያልቀው ጭን ነው። አሁን አንድ መንገድ ስመርጥ የጫፉን ከፍታ ትቼ ጠቅላላ አቀበቱ ስንት እንደሆነ ነው የማየው።

ቀጥሎ ፀሐይ። ሰዓቱን በሀበሻ አቆጣጠር ነው የምጽፈው፤ ወሩንና ዓመቱን ግን በፈረንጅ። አዲስ አበባ ፀሐይ አናት ላይ የምትወጣው 6 ሰዓት አለፍ ሲል ነው። ስፔን ከነጀርመን ጋር አንድ ዓይነት የሰዓት አቆጣጠር ስለምትጠቀም፣ ሰመር ላይ እዚህ አናት ላይ የምትደርሰው 8 ሰዓት ከ20 አካባቢ ነው። ዋናው ሙቀት ደግሞ ከዚያም በኋላ ይመጣል። 10 እና 11 ሰዓት ላይ ድንጋዩ ራሱ ሙቀት ይተፋል። «ከምሳ በኋላ በረድ ሲል እንወጣለን» የሚለው የእኛ ስሌት እዚህ አይሠራም። ጁን ላይ የምትወጡ ከሆነ መንደሩ ውስጥ እደሩና ጎህ ሲቀድ ተነሱ፤ 5 ሰዓት ላይ ተመልሳችሁ ጥላ ሥር ብትሆኑ ጥሩ ነው። እኔ ግን ሰመርን ትቼዋለሁ። ከኦክቶበር አጋማሽ እስከ ሜይ ያለው ጊዜ ይበቃኛል።

ሌላም ምክንያት አለ። ተራል የሚሉት ነፋስ አለ። ከመሀል አገር ተነስቶ ተራራውን ወርዶ ወደ ባሕሩ የሚነፍስ ደረቅና ትኩስ ነፋስ ነው። እሱ የመጣ ቀን የባሕሩ አየር ፀጥ ይላል፣ ውሃ ከቦርሳ ሳይሆን ከሰውነት ያልቃል። የአየር ትንበያው ላይ ስሙን ካያችሁ ዕቅዱን ሰርዙ። ከጁን 1 እስከ ኦክቶበር 15 ደግሞ የሰደድ እሳት ስጋት ያለበት ወቅት ስለሆነ ጫካ ውስጥ እሳት ማንደድ ክልክል ነው፤ ቡና እናፍላ የሚል ጓደኛ ካላችሁ ቀድማችሁ አስጠንቅቁት።

መንደሯ ራሷ ጂም ናት። ባሪባርቶ የሚባለው አሮጌው ሰፈር ደረጃ በደረጃ ነው። መንገዱ በትናንሽ ጠጠሮች ተነጥፏል፣ ጥቁርና ነጭ ጠጠር ተቀላቅሎ ጌጥ ይሠራል። መኪና አይገባም። ለግንባታ አሸዋና ጡብ አሁንም አልፎ አልፎ በበቅሎ ይመላለሳል። ለልምምድ ብዬ ከታች እስከ ላይ ቦርሳዬን ተሸክሜ እወጣለሁ፤ ቱሪስቱ አይስክሬሙን ይዞ ያየኛል፣ ምን ላድርግ። እየወጣችሁ ግድግዳው ላይ የተለጠፉትን የሸክላ ሰሌዳዎች አንብቡ። የ1569ኙን ጦርነት ይተርካሉ። ሞሪስኮዎች፣ ማለትም በግድ ክርስትናን እንዲቀበሉ የተደረጉት ሙስሊሞች፣ በ1568 ሲያምፁ፣ የዚህ አካባቢ ሰዎች የመሸጉት ኤል ፉዌርቴ ላይ ነበር። በማግስቱ ዓመት ተሸነፉ። ተራራውን ከመውጣቴ በፊት ይህን ማንበቤ ጠቅሞኛል። ለምን እዚያ እንደመሸጉ ዳገቱ ላይ ስትሆኑ ይገባችኋል፤ ከታች የሚመጣ ሁሉ ይታያል።

መንደሩ መግቢያ ላይ ያለው ትልቅ ሕንፃ ኢንሄኒዮ ይባላል። ከሸንኮራ አገዳ ጥቁር ማር መሰል ሽሮፕ የሚሠራበት ፋብሪካ ነው፤ በአውሮፓ የቀረው ብቸኛው እንደሆነ ይነገራል። ከጉዞ መልስ ምሳ ሲያምራችሁ በስሱ ተቆርጦ የተጠበሰ ደበርጃን ላይ ይህን ሽሮፕ አፍስሰው የሚያቀርቡትን እዘዙ። ጨውና ጣፋጭ አንድ ላይ፣ ለጾምም ይሆናል። ወተት ወይም እንቁላል እንዳልነካው ብቻ ጠይቁ።

አሁን ወደ መንገዱ። ለጀማሪ የምመክረው የኢገሮን ወንዝን ነው። ከመንደሩ ትወርዱና ጠጠራማውን የወንዝ ወለል ይዛችሁ ወደ ላይ ትሄዳላችሁ። ታች ብዙ ጊዜ ደረቅ ነው። ውሃው የት ሄደ ብትሉ ቦዩን እዩት፤ ክርን የሚያህል ስፋት ያለው የመስኖ ቦይ የተራራውን ጎን ታኮ ይሄዳል። ከሙስሊሞቹ ዘመን የተወረሰ የመስኖ ባህል ነው። አንድ ጠዋት አንድ አዛውንት ገበሬ የብረት መዝጊያውን ከፍ አድርገው ውሃውን ወደ ማሳቸው ሲመልሱ ቆሜ አየሁ። ውሃው ሲገባ ደረቁ አፈር ጭስ ጭስ አለ። ከታች አቮካዶ፣ ማንጎና ጊሽጣ ተተክሏል። ከፍታው ከባሕሩ ብዙም ስለማይርቅና ከኋላ ያለው ተራራ የሰሜኑን ብርድ ስለሚከልል ነው የሞቃት አገር ፍሬ እዚህ የሚያፈራው።

ኤል ፉዌርቴን በወንዙ በኩል ወጥቶ ወደ መንደሩ አናት መውረድ ደስ ይለኛል። መውጣቱ ትዕግሥት ነው፣ ሌላ ጥበብ የለውም። ሽታው ግን ቤት ያደርሳል፤ ግራ ቀኙ የጥብስ ቅጠልና ጦስኝ ነው። ዕድለኛ ከሆናችሁ የዱር ፍየል ታያላችሁ። የእኛ ዋልያ የቅርብ ዘመድ ነው፤ ገደሉ ላይ ቆሞ ሲያያችሁ ቀንዱን ብታዩ ዝምድናውን አትክዱም።

ብዙ ያስተማረኝ መውረዱ ነው። የአልሚሃራ ተራሮች ዓለት ዶሎማይት እብነ በረድ ነው። በፀሐይና በዝናብ ይፈረካከሳል፣ መንገዱ ላይ ስኳር የመሰለ ነጭ ደቃቅ ይነጠፋል። ከሥሩ ጠንካራ ዓለት፣ ከላዩ ይህ ደቃቅ፤ የሚያንሸራትተው እሱ ነው። ሰው ሲፈራ ወደ ኋላ ጋደል ይላል። ያን ጊዜ ክብደቱ ተረከዝ ላይ ያርፍና እግር ይሾልካል። አንዲት አብራኝ የምትወጣ ልጅ ያሳየችኝ ይህ ነው፦ ጉልበት ትንሽ እጠፍ፣ እርምጃ አሳጥር፣ አፍንጫህን ከጫማህ ጫፍ በላይ አድርገህ ውረድ። ምርኩዝ ካላችሁ ለቁልቁለት አርዝሙት፣ ከእግር ቀድሞ ይረፍ። በሁለት ተከታታይ ቅዳሜ ልዩነቱ ጉልበቴ ላይ ታወቀኝ። በስኒከር መውጣት ይቻላል፤ መውረድ ላይ ግን ሶሉ ጥርስ ያለው ጫማ የግድ ነው።

ከሁሉ የምወደው ወደ ኤል አሰቡቻል የሚወስደው ነው። ሸለቆ ውስጥ የተደበቀች ሚጢጢ መንደር ናት። በድሮ ጊዜ ከዳርቻው ዓሣ ጭነው ወደ ግራናዳ የሚሄዱ የበቅሎ ነጋድያን ማረፊያ ነበረች። ከስፔን የእርስ በርስ ጦርነት በኋላ አምባገነኑን ፍራንኮን የሚዋጉ ሽምቅ ተዋጊዎች በእነዚህ ተራሮች ይኖሩ ነበር። ነዋሪዎቹን ቀን ወታደሩ፣ ማታ ሸማቂው መሀል አደረጋቸው። በ1948 «ታበሏቸዋላችሁ» ተብለው ተባረሩ። ቤቶቹ ፈርሰው፣ ጣሪያቸው ወርዶ ለግማሽ ምዕተ ዓመት ባዶ ቆዩ። ከ1998 ጀምሮ የመንደሩ ልጆች ተመልሰው አንድ በአንድ ጠገኗቸው። ዛሬ የሚከራዩ ቤቶችና አንድ ምግብ ቤት አሉ። ከረጅም መንገድ በኋላ እዚያ በረንዳ ላይ ጫማ ማውለቅን የመሰለ ነገር የለም።

ምልክት ማንበብ የለመድኩትም በዚሁ መንገድ ላይ ነው። ፍሪሂሊያናን ከኮምፔታ የሚያገናኘው መንገድ የማላጋ ግራን ሴንዳ አካል ነው፤ ጠቅላይ ግዛቱን የሚዞር ከ600 ኪሎሜትር በላይ የሆነ መንገድ። ምልክቱ ቀይና ነጭ መስመር ነው። አጠር ያሉት መንገዶች ቢጫና ነጭ ይጠቀማሉ። መስመሩ ከታጠፈ መንገዱ ይታጠፋል። ኤክስ ከሆነ «በዚህ አይደለም» ነው፣ ተመለሱ። ከመገንጠያ አልፋችሁ ምልክት ካጣችሁ ወደ መጨረሻው ምልክት መመለስ ይሻላል። ስልክ ሸለቆ ውስጥ ይጠፋል፤ ካርታውን አስቀድማችሁ አውርዱት። የአደጋ ጊዜ ቁጥሩ 112 ነው።

ጭኑ ለደከመ ቀን ባሕሩ አለ። ከኔርሃ ጎን ማሮ ላይ በካያክ ገደሉን ታኮ መቅዘፍና ከገደል ወደ ባሕር የሚወርደውን ፏፏቴ ማየት ይቻላል። የኔርሃ ዋሻንም እዩ፤ በ1959 አምስት ልጆች ናቸው ያገኙት፣ ውስጡ 32 ሜትር የሚረዝም የድንጋይ ዓምድ አለ። እዚያው አጠገብ ለሸንኮራ ፋብሪካ ውሃ ለማድረስ በ19ኛው ክፍለ ዘመን የተሠራ ባለ አራት ደርብ የአጊላ ድልድይ አለ፣ ከመንገድ ላይ ይታያል። ውሃ ውስጥ እየተራመዱ የሚሄዱበት የቺያር ወንዝ ዝናው ትልቅ ነው። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ግን የሚዘጋበት ጊዜ ስላለ ሳትጠይቁ አትሂዱ። ለእኔ ሰው በዛበት።

ቀጣዩ ላ ማሮማ ነው፤ የአካባቢው ትልቁ፣ 2066 ሜትር። ሰማዩ ሲጠራ የሞሮኮ ተራሮች ይታያሉ ይላሉ። ዊንተር ላይ በረዶ ስለሚይዝ ኤፕሪልን እየጠበቅኩ ነው። ከካኒያስ ደ አሰይቱኖ ከተነሱ ወደ 1400 ሜትር አቀበት ነው። ከግራናዳ በኩል፣ ከኤል ሮብሌዳል ከተነሱ ደግሞ ወደ 1000 ይወርዳል፣ ግን በአውቶቡስ አይደረስም። መኪና ያለው ሰው ካለ ቤንዚኑን እንካፈላለን። እስከዚያ ድረስ ደረጃዬን እየወጣሁ ነው።