ልጄ ተኳረፈች

ልጄ ትናንት ከክፍል የወጣችው ተኳርፋ ነው። ቦርሳዋን ጭኔ ላይ ጣለችና ትንሿን ጣቷን አሳየችኝ። ከጓደኛዋ ጋር ተጣልተዋል ማለት ነው። ጠቡ የቬንትሌተር ነው። ክፍላቸው ውስጥ ያለው ቬንትሌተር አንድ ነው፤ እሱም በደንብ የሚደርሰው ከሥሩ ላለው ወንበር ብቻ ነው። የድሬን ግንቦት ለሚያውቅ ያ ወንበር ሥልጣን ነው። ጓደኛዋ ቀድማ ያዘችው። ልጄ ደብተሯን ጎተተችባት። ያቺም ጸጉሯን ያዘቻት። ተላቀሱ። ቲቸር ሁለቱንም አስነስታ ወንበሩን ለሌላ ልጅ ሰጠችው።

እኔ እንዴት ደስ እንዳለኝ! ማታ ለእናቴ በስልክ ስነግራት «ልጅሽ ጸጉሯ ተነጭቶ መጥታ አንቺ ትስቂያለሽ?» ብላ ተቆጣችኝ። እውነቷን ነው፣ ከውጭ ሲያዩት ያስቆጣል።

ልጄ 11 ዓመቷ ነው። ዳውን ሲንድረም አለባት። ብዙ ሰው በእያንዳንዱ ሴሉ ውስጥ 46 ክሮሞዞም አለው፤ እሷ 47 አላት። 21ኛው ላይ አንድ ትርፍ አለ። ሳይንስ ይህን ያወቀው እ.ኤ.አ. በ1959 ነው። ሰፈራችን ግን ገና አልሰማም። አንዱ እርግማን ነው ይላል፣ ሌላው እኔ እርጉዝ ሆኜ ምን እንዳየሁ ይጠይቀኛል።

ሰፈራችን ክፉ ነው እያልኩ አይደለም። ችግሩ ደግነቱ ነው። ሰኞ ማክሰኞ ሲጫወቱ መስመር ብትረግጥም «አልፈሻል» ይሏታል። ኳስ ብትስት «ጎበዝ» ይባላል። የሚያገኛት ሁሉ ከረሜላ ያሲዛታል (ጥርሷን የጨረሰው ይሄ ነው)። የሚጣላት የለም። አንዴ አንድ ልጅ ገፍትሯት እናቱ «ከሷ ጋር ትጣላለህ? አታፍርም?» እያለች ስትቆነጥጠው አይቻለሁ። ልጁ ከዚያ ወዲያ ልጄን ሲያይ መንገድ ይቀይራል። እሷ ደግሞ ይገባታል። መናገር ስለሚያስቸግራት የማይገባት የሚመስለው ሰው ብዙ ነው እንጂ፣ ጨዋታው የውሸት መሆኑን አሳምራ ታውቃለች። ለዚህ ነው ትታ ገብታ በር ላይ የምትቀመጠው።

አሁን ግን የምትጣላት ሰው አገኘች። ቂም የሚይዝባት፣ ቂም የምትይዝበት ሰው። እኩያ ማለት እኮ ይሄው ነው።

ክፍሉን ያገኘነው በቀላሉ አልነበረም። መጀመሪያ የሄድንበት አንድ የግል ትምህርት ቤት «ሌሎች ወላጆች ቅር ይላቸዋል» ብሎ መለሰን። ይህን የሰማሁት እኔ ብቻ አይደለሁም። አዲስ አበባ ላይ ወይዘሮ ዘሚ የኑስ የጆይ ኦቲዝም ማዕከልን እ.ኤ.አ. በ2002 የከፈቱት ልጃቸውን ትምህርት ቤቶች እየመለሱባቸው ስለነበር ነው። እኔ ማዕከል መክፈት አልችልም። ጎረቤቴ ናት አንድ የመንግሥት ትምህርት ቤት ውስጥ የልዩ ፍላጎት ክፍል አለ ብላ የነገረችኝ። ትምህርት ሚኒስቴር የልዩ ፍላጎት ትምህርት ስትራቴጂ ያወጣው በ1998 ዓ.ም. ነው አሉኝ። ድሬ ላይ 98 ሲባል ሰው ትዝ የሚለው የደቻቱ ጎርፍ ነው፤ በዚያ ክረምት ስለ ስትራቴጂ ማን ይሰማል?

ክፍሉ ከግቢው ጥግ ነው። ትልልቁም ትንንሹም አንድ ላይ ነው። ኦቲዝም ያለበት አለ፣ እንደ ልጄ ያሉ አሉ፣ ምኑ እንደሆነ ማንም በትክክል ያልነገረን አለ። ቲቸር ሀ ሁ ሂ ብላ አትጀምርም። 231 ፊደል ከፊታቸው ቢደረደር፣ ተና ቸ፣ ነና ኘ አናታቸው ላይ ባለች ጭረት ብቻ እየተለዩ፣ ማን ይቋቋመዋል? ከሙሉ ቃል ትጀምራለች። የውሃ ሥዕል፣ ከሥሩ «ውሃ»። የዳቦ ሥዕል፣ ከሥሩ «ዳቦ»። ዳውን ሲንድረም ያለባቸው ልጆች ከሰሙት ይልቅ ያዩትን ይይዛሉ። ልጄ አሁን ስሟን ታነባለች። «በረዶ» የሚለውንም ታነባለች፣ ሱቅ ላይ ተለጥፎ ካየችው አታሳልፈኝም።

ስለ ጥበቃው ስለ ጋሼ ደግሞ ልጻፍ። ደወሉ ዛፍ ላይ የተንጠለጠለ የመኪና ቸርኬ ነው። በብረት ሲመታ ጆሮ ይበጥሳል። ከልጆቹ አንዱ ድምፁን አይችለውም፤ በፊት በተደወለ ቁጥር ጠረጴዛ ሥር ገብቶ ይጮህ ነበር። አሁን ጋሼ ብረቱን ይዘው መጀመሪያ ወደ ክፍላችን መስኮት ይመጣሉ። ምንም አይናገሩም። ጣታቸውን ወደ ላይ ያነሳሉ። ልጁ ያያቸዋል፣ ሁለት እጁን ጆሮው ላይ ይጭናል። ከዚያ ተመልሰው ይደውላሉ። ማንም አላዘዛቸውም። ሥልጠናም አልወሰዱም። ዳይሬክተሩ ደወሉ ለምን እንደሚዘገይ የጠየቃቸው ቀን «የሱ ጆሮ ሳይዘጋ አልመታም» አሏቸው፤ በዚያው አለቀ።

እኛ እናቶች ግቢው ውስጥ ካለው የኒም ዛፍ ሥር ነን። አብዛኞቻችን እዚያው የምንጠብቀው ለሁለት ጊዜ የባጃጅ ስለሌለን ነው፤ አንዳንዷ ደግሞ ልጇን የሚጥል በሽታ ድንገት ስለሚይዘው። ሆጃ በፔርሙዝ ይመጣል። ወሬው በአማርኛ ተጀምሮ በኦሮምኛ ይቀጥልና በሶማሊኛ ያልቃል። ታይዋን ገበያ ጨርቅ የምትነግደው፣ ልጄ «ኤዶ» የምትላት፣ የእቁባችን ሰብሳቢ ናት። እቁቡ አንድ ሕግ አለው፦ ልጁ ሆስፒታል የገባበት ሰው ዕጣ ሳይወጣ ይወስዳል። ዳውን ሲንድረም ካለባቸው ልጆች ግማሽ ያህሉ ከልብ ችግር ጋር ስለሚወለዱ ሕጉ ለወግ የተቀመጠ አይደለም። የልጄ ልብ ደህና ነው፣ ተመስገን። የኤዶ ልጅ ለምርመራ አዲስ አበባ ሲሄድ ግን የመሳፈሪያውን የከፈለው እቁቡ ነው።

አንድ ወንድ ብቻ አለን። የባቡር ጡረተኛ ናቸው፣ የልጅ ልጃቸውን ያመጣሉ። ልጆቹን በፈረንሳይኛ ያስቆጥሯቸዋል፤ አን፣ ደ፣ ትሯ። ቲቸር መጀመሪያ ግራ ይገባቸዋል ብላ ፈርታ ነበር። አሁን ልጆቹ ኳስ ሊመቱ ሲሉ በፈረንሳይኛ ነው የሚቆጥሩት። ድሬ ነው አቦ፣ ምን ይደረጋል።

ሁሉ ነገር ደህና ነው ብዬ ግን አልዋሽም። ቲቸር አንድ ናት። ወሊድ ወጥታ ሳለ ክፍሉ ተዘግቶ ከረመ። በእረፍት ሰዓት ከመደበኛው ክፍል ልጆች ጋር ይቀላቀላሉ ይባላል፤ የሚቀላቀሉት ግን በሳምቡሳ ሻጯ ዙሪያ ብቻ ነው። ከሁሉ የሚከብደው ደግሞ የትልልቆቹ ነገር ነው። 18 ዓመት ሞልቶት ጺም አብቅሎ እዚያች ትንሽ ወንበር ላይ ተጣጥፎ የሚቀመጥ ልጅ አለን። ማንበብ እዚህ ከደረሰበት በላይ አይሄድም። ቤት ቢውል ያው ሶፋና ቴሌቪዥን ነው። እናቱ ባለፈው ሳምንት «ከዚያስ?» አለችን። የመለሰ የለም።

ከዚያ ወዲህ ከኒሙ ሥር ሌላ ወሬ ጠፍቷል። ለሁለት ተከፍለናል። ኤዶና ሌሎቹ እያንዳንዱ ልጅ በየዘመዱ ሱቅና ጋራዥ ይግባ ባይ ናቸው። የምትታወቅ ነገር ናት፣ ኪራይ የላትም፣ ቤተሰብ ይጠብቀዋል። እኛ ደግሞ እቁቡን አንድ ዙር ለዚህ አውለን፣ ከትምህርት ቤቱ በር ፊት ለፊት ሳምቡሳና ሆጃ የሚሸጡባት ቦታ አብረን እንክፈትላቸው ነው የምንለው። ኤዶ ትከስራላችሁ ትላለች። ንግድ ታውቃለች፣ ልክም ልትሆን ትችላለች።

እኔ ግን አንድ ልጅ ብቻውን የአጎቱ ሱቅ ውስጥ ሲቀመጥ ምን እንደሚሆን ይታየኛል። ስኳር ቢደፋ «ምንም አይደል» ይባላል። መልስ ቢሳሳት ደንበኛው ይተውለታል። ከረሜላ ይሰጡታል። አራት አምስት ሆነው አንድ ምድጃ ላይ ከቆሙ ግን ማን ሊጥ እንዳበላሸ፣ ማን አርፍዶ እንደመጣ ይጨቃጨቃሉ። ሒሳብ ላይ ይጣላሉ። ያቺ ልጄን ጸጉሯን የያዘቻትም ትኖራለች።

ዛሬ ይህንኑ ስናገር የባቡር ጡረተኛው አባባ ሳቁብኝና «ታዲያ ለጠብ ብለሽ ነው ገንዘባችንን የምታስወጪን?» አሉኝ። አዎ አልኳቸው። ቅዳሜ ኤዶ ቤት ተሰብስበን ድምፅ እንሰጣለን። እስካሁን በቆጠርኩት በሁለት ሰው እየተሸነፍን ነው፤ ግን የ18 ዓመቱ ልጅ እናት ገና አልወሰነችም። ከቅዳሜ በፊት ቤቷ ልሄድ ነው።